የመጀመሪያ ኮምፓውንድ ቀስቴን ሁለት ጊዜ መግዛቴ

ለአደን የሚሆን ኮምፓውንድ ቀስት ለመግዛት አንድ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ከሞላ ጎደል በአንድ ቀን አበላሸሁት። የገዛሁት ቀስት የተሰበረ አልነበረም፤ ሻጩም አላታለለኝም። እንዲያውም በጊዜው ከነበሩት ፈጣን ቀስቶች አንዱ የነበረ፣ ባለቤቱ ጥቂት ወራት ብቻ ተጠቅሞበት የሸጠው ጥሩ መሣሪያ ነበር። ችግሩ ለእኔ አካል የማይሆን መሆኑ ነበር፤ ይህንንም በቅጡ የተረዳሁት ከስድስት ወር በኋላ፣ አንድ የአደን ወቅት ካመለጠኝና ትከሻዬን ካመመኝ በኋላ ነው። በመጨረሻ ያንን ሸጬ ሌላ ገዛሁ፤ በሁለቱ ግዢዎች መካከል የተማርኩትን በጀቱ ውስን ለሆነ ጀማሪ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ አሰፍራለሁ። በንግግር ሁለቱንም «ቀስት» ስለምንል እንዳያምታታ፣ በዚህ ጽሑፍ ቀስት የምለው የሚለጠጠውን መሣሪያ፣ ፍላጻ የምለው ደግሞ ከእሱ የሚወነጨፈውን ነው።

ኮምፓውንድ ቀስት ከተራው ቀስት የሚለየው በክንዶቹ ጫፍ ላይ በሚዞሩት ፑሌጃዎች ነው። ሐሳቡን ሆሌስ ዊልበር አለን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1966 ለፈጠራ መብት አመልክቶበት በ1969 መብቱን አግኝቷል። ካም የሚባሉት እነዚህ ፑሌጃዎች የሚዞሩት በመሃላቸው ሳይሆን ከመሃል ወጣ ባለ ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ አውታሩ ሲሳብ ክብደቱ መጀመሪያ እየጨመረ ይሄድና መጨረሻው ላይ በአንድ ጊዜ ይቀላል። ይህ ቅለት ሌት ኦፍ ይባላል፤ በዛሬዎቹ የአደን ቀስቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 90 በመቶ ነው። ለመሳብ 60 ፓውንድ የሚጠይቅ ቀስት 80 በመቶ ሌት ኦፍ ካለው፣ ሙሉ በሙሉ ከተሳበ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 12 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። አዳኝ አጋዘኑ ከዛፉ ጀርባ እስኪወጣለት ድረስ ቀስቱን ስቦ መጠበቅ የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው አሠራር አንድ ግዴታ ይዞ ይመጣል። ተራውን ቀስት እጃችሁ እስከደረሰበት ትስቡታላችሁ፤ ኮምፓውንድ ቀስት ግን ካሙ ዞሮ የሚቆምበት፣ ተኳሾች «ግድግዳ» የሚሉት ቁርጥ ያለ ቦታ አለው። ግድግዳው የሚገኝበት ርቀት የመሳቢያ ርዝመት ይባላል፤ ይህ ርዝመት ከክንዳችሁ ጋር ካልተስማማ ደግሞ የምትጎብጡት ወይም የምትለጠጡት እናንተ ናችሁ።

እኔ ስገዛ የመሳቢያ ርዝመቴን አላውቅም ነበር። ሻጩ «29 ኢንች ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ይሆናል» አለኝ፤ እኔም ስስበው ግድግዳው ላይ ስለደረስኩ ልኬ ነው ብዬ አመንኩ። የአንድ ሰው የመሳቢያ ርዝመት የሚገመተው ግን በቀላል ዘዴ ነው። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሁለቱን እጆች ወደ ጎን ዘርግቶ መቆም፣ ከአንዱ መሃል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው መሃል ጣት ጫፍ ድረስ በሌላ ሰው ማስለካት፣ ከዚያም የተገኘውን ለ2.5 ማካፈል ነው። እጅን ለመለካት ተብሎ ከልክ በላይ መወጠር አይገባም። የእኔ 174 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ2.5 ሲካፈል 69.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ይህም ወደ 27 ኢንች ተኩል ነው። ስለዚህ ቀስቴ ከእኔ አንድ ኢንች ተኩል፣ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር። በወረቀት ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በተግባር ግን አውታሩ በለቀቅኩት ቁጥር የግራ ክንዴን ከክርኔ በታች ይገርፈው ስለነበር ቆዳዬ ለሳምንታት በልዞ ቆየ፤ እኔም የክንድ መከላከያ ገዝቼ በላዩ ላይ ማሰርን እንደ መፍትሔ ቆጠርኩት።

ስህተቱን የነገረኝ ኢላማ በምንለማመድበት ቦታ ያገኘሁት በዕድሜ የገፋ ተኳሽ ነው። ለጥቂት ጊዜ ከጎን ሆኖ ሲያየኝ ከቆየ በኋላ፣ «ስበህ እዚያው ቁም፣ አትልቀቅ» አለኝ። ቆምኩ። ጣቱን ወደ ፊቴ አቅርቦ፣ አውታሩ ከአፌ ጥግ አልፎ ወደ ጆሮዬ መጠጋቱን፣ ጭንቅላቴም ያንን ለማካካስ ወደ ኋላ መጋደሉን፣ ወገቤም መቀልበሱን አንድ በአንድ አሳየኝ። ቀስቱን ቀስ ብዬ ስመልስ፣ «ልጄ፣ ይህ የታላቅ ወንድምህ ኮት ነው» አለኝ። ትክክለኛ ርዝመት ያለው ቀስት ሲሳብ፣ ጭንቅላት ቀጥ እንዳለ አውታሩ የአፍንጫን ጫፍና የአፍን ጥግ ይነካል፤ የኋላው ክርንም ከፍላጻው ጋር በአንድ መስመር ይሆናል። ይህን መስታወት ፊት ቆማችሁ ወይም ከጎን በስልክ ፎቶ አስነሥታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። በሁለት መጠኖች መካከል ከወደቃችሁ አጭሩን ምረጡ፤ ትንሽ ያጠረ ቀስት የሚቀንሰው ጥቂት ፍጥነት ነው፣ የረዘመ ቀስት ግን አቋቋምን ያበላሻል።

ርዝመቱ ከተሳሳተ ይስተካከላል ብዬ ነበር፤ ይህም ሌላው የኪሳራዬ ምክንያት ሆነ። አንዳንድ ቀስቶች በካሙ ላይ ያለችን ትንሽ ብረት በቁልፍ ፈትቶ በማዞር ብቻ ርዝመታቸው ይለወጣል። አንዳንዶቹ ግን ለእያንዳንዱ ርዝመት የተለየ ክፍል፣ አለዚያም ሙሉ ካም መግዛትን ይጠይቃሉ፤ ካሙን ለመቀየር ደግሞ ክንዶቹን የሚጨምቅ ፕሬስ ያስፈልጋል። የእኔ ቀስት የዚህ ዓይነት ነበር፤ ለ27 ተኩል የሚሆነውን ክፍል ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆይቷል። አሮጌ ቀስት በርካሽ ሲቀርብላችሁ ከዋጋው በፊት «ርዝመቱ እንዴት ይለወጣል? ያለ ፕሬስ ነው ወይስ በፕሬስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሳቢያ ክብደት ነው፤ ትከሻዬን የጎዳሁትም በእሱ ነው። የገዛሁት ቀስት ከ60 እስከ 70 ፓውንድ የሚስተካከል ነበር፤ አብዛኞቹ ቀስቶች የክንዶቹን ትልልቅ ቡሎኖች በማላላት ከከፍተኛ ክብደታቸው አሥር ፓውንድ ያህል ብቻ ስለሚቀንሱ፣ ከ60 በታች ማውረድ አይቻልም ነበር። ቆሜ፣ በሞቃት ቀን፣ በቀጭን ልብስ ስለማመድ እስበው ነበር፤ በእርግጥ የምስበው የፊት እጄን ወደ ሰማይ አንሥቼ፣ በሙሉ ሰውነቴ እየታገልኩ ነበር። ጫካ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል በቅዝቃዜ ከተቀመጥኩ በኋላ አንዲት አጋዘን በ18 ሜትር ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ቀስቱን በወፍራም ጃኬት ተቀምጬ ለመሳብ ስሞክር ግማሽ መንገድ ላይ ቆመብኝ። እንደለመድኩት ወደ ላይ አንሥቼ ስታገል የቀስቱ ጫፍ ከፊቴ ያለውን ቅርንጫፍ ነካ፤ አጋዘኗ አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ ጊዜ አየችኝና ጠፋች። በማግሥቱ ቀኝ ትከሻዬን ማንሣት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ የማምነው ፈተና አንድ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጡ፣ እግራችሁን ከመሬት አንሡ፣ ቀስቱን ፊት ለፊት ኢላማው ላይ እንዳነጣጠረ አድርጋችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታንቀሳቅሱ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ካልሆነላችሁ ክብደቱ ለእናንተ ብዙ ነው፤ ፈተናውን እስክታልፉ ድረስ ቀንሱ። ፍላጻ ሳይኖር መልቀቅ ክንዶቹንና ካሙን ሊሰብር፣ እናንተንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህን ስትሞክሩ ፍላጻ አስገብታችሁ ወደ ኢላማ አነጣጥሩ፤ ስትጨርሱም ቀስ ብላችሁ መልሱት። ጀማሪዎች «ይህ ክብደት አጋዘን ይገድላል?» ብለው ይጨነቃሉ። ፍላጻ እንደ ጥይት በድንጋጤ ኃይል ሳይሆን በመቁረጥና በማድማት ስለሚገድል፣ በ50 ፓውንድ የተወነጨፈ፣ ጫፉ ላይ ስለታም ምላጭ ያለው ፍላጻ በቅርብ ርቀት የአጋዘንን ሁለቱንም ሳንባ አልፎ ይወጣል። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክብደትም ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ብሪታንያን የመሰሉ አገሮች በቀስት ማደንን ጨርሶ ስለሚከለክሉ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምታድኑበትን አካባቢ ሕግ አንብቡ።

ስለ ፍጥነት ማታለያ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቤን የበላችው እሷ ናትና። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት የሚለካው በ70 ፓውንድ፣ በ30 ኢንች የመሳቢያ ርዝመትና 350 ግሬይን (23 ግራም ገደማ) በሚመዝን ቀላል ፍላጻ ነው። «340 ጫማ በሰከንድ» የተባለ ቀስት በእኔ 27 ኢንች ተኩል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኢንች አሥር ያህል ስለሚቀንስ 25 ያጣል፤ ክብደቱ ወደ 55 ፓውንድ መውረድ ቢችልና ለአደን የሚሆን 420 ግሬይን ፍላጻ ቢገባበት በግምት 260 አካባቢ ይደርሳል። ለዚያ ስም የተጨመረውን ገንዘብ ከፍዬ የማገኘው ይህንን ነው። በሌላ በኩል 260 ጫማ በሰከንድ የሚሄድ ፍላጻ 20 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 290 የሚሄደው ደግሞ እሱን የሚቀድመው ከሦስት መቶኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። የአውታሩ ድምፅ ግን ከሁለቱም ቀድሞ እንስሳው ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ለአዳኝ ከፈጣን ቀስት ይልቅ ጸጥ ያለ ቀስት ይሻለዋል፤ ከባድ ፍላጻ ደግሞ ቀስቱን ጸጥ ያደርገዋል። ፍጥነትን የሚያሳድዱ ቀስቶች አብዛኛውን ጊዜ በእጀታውና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ይህ ርቀት ሰባት ኢንች አካባቢ ሲሆን የጀማሪን ትንንሽ ስህተት ይችላል፤ ስድስት ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ግን አይምርም።

ለሁለተኛው ግዢ ስነሣ መጀመሪያ ያየሁት እንደገና አሮጌ ቀስቶችን ነበር፤ በውስን ገንዘብ ጥሩ ቀስት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ውስጥ ስለሆነ በዚህ አልጸጸትም። ሦስት አየሁ። ለምርመራ ይዤ የምሄደው ቁራጭ ጥጥ ነው። ጥጡን በክንዶቹ ላይ፣ በተለይም በጠርዞቹና ከካሙ አጠገብ ባለው ጫፍ ላይ፣ ሳትጫኑ ቀስ አድርጋችሁ ታስኬዱታላችሁ። ሁለተኛው ቀስት ላይ ይህን ሳደርግ ጥጡ የታችኛው ክንድ ጠርዝ ላይ ያዘ። ዓይኔ ምንም አላየም፤ የስልኬን መብራት አብርቼ ጎንበስ ስል ግን ከፀጉር የቀጠነች፣ የጣት አንጓ የምታህል የተሰነጠቀች ፋይበር ከዚያች የጥጥ ነጭ ጭረት ሥር ተነሥታ ነበር። ሻጩ እሱም አላየም ነበር መሰለኝ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ክንድ በተሳበበት ቅጽበት ሊፈነዳ ይችላል። ከክንዶቹ ቀጥሎ የካሞቹን ጠርዝ ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ጠርዛቸው የተጎደፈ ወይም የተንጋደደ ከሆነ ቀስቱ ያለ ፍላጻ ተለቆ ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል። አውታሩና ገመዶቹ ጸጉር ካበቀሉ፣ ወይም የተጠመጠመባቸው ክር ተላቆ ካሳየ፣ አዲስ አውታርና የማስገጠሚያውን ሥራ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። በመደበኛነት የሚተኮስበት አውታር በሁለት ወይም በሦስት ዓመት እንደሚቀየር አስቡ፤ «አምስት ዓመት ሆኖታል፣ ግን ብዙም አልተነካም» የሚለው ንግግር አውታሩን አያድሰውም።

በመጨረሻ የገዛሁት አዲስ ነበር፤ ማነጣጠሪያው፣ የፍላጻ ማረፊያውና ፍላጻ መያዣው ተገጥመውለት በአንድ ጥቅል ከሚሸጡት፣ ሰፊ ማስተካከያ ካላቸው ቀስቶች አንዱ። በዚህ ዓይነት የታወቁት ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ፕሮ እና ቤር ክሩዘር ጂ 2 ሁለቱም ከ5 እስከ 70 ፓውንድ ይስተካከላሉ፤ ርዝመታቸው ደግሞ የመጀመሪያው ከ13 እስከ 31፣ ሁለተኛው ከ12 እስከ 30 ኢንች ያለ ፕሬስ ይለወጣል። ልምድ ያላቸው ተኳሾች እነዚህን «የልጆች» ይሏቸዋል፤ ግድግዳቸው እንደ ውድ ቀስቶች ድንጋይ አይደለም፣ ፍጥነታቸውም ዝቅ ይላል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም በ45 ፓውንድ ጀምሬ በአራት ወር ውስጥ 52 መድረስ የቻልኩት፣ ርዝመቱንም ሁለት ጊዜ በግማሽ ኢንች ለውጬ ልኬን ያገኘሁት፣ አንድም ተጨማሪ ዕቃ ሳልገዛ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ከመጡት ዕቃዎች የጣልኩት ከፊት የሚታሰረውን አጭር ማረጋጊያ ብቻ ነው፤ ከክብደቱ በቀር ጥቅም አላየሁበትም።

ከሁሉም በፊት መታየት ያለበትን ዘልዬው መጣሁ፤ የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራ እወቁ። ሁለቱን መዳፎች ዘርግታችሁ በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ አብጁ፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ በዚያ በኩል ሩቅ ያለ ነገር ተመልከቱ፣ ከዚያም ቀዳዳውን ወደ ፊታችሁ አምጡ፤ እጃችሁ የሚመጣበት ዓይን መሪው ነው። ቀስቱ የሚመረጠው በመሪው ዓይን በኩል ባለው እጅ እንዲሳብ ሆኖ ነው፤ የቀኝ እጅና የግራ እጅ ቀስት የተለያየ ስለሆነ ከገዛችሁ በኋላ ማዞር አይቻልም።

በጀታችሁን ስታከፋፍሉ ለቀስቱ ከግማሽ ትንሽ በላይ ያዙና የቀረውን ለፍላጻ፣ ለመልቀቂያና ለኢላማ ተዉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ለፍላጻ የቀረኝ ገንዘብ ስላልነበረ የተለያዩ ፍላጻዎችን ከሰው ለቃቅሜ ነበር የጀመርኩት፤ ኢላማ ላይ የሚበታተኑት በእኔ ምክንያት ይሁን በእነሱ ማወቅ አልቻልኩም። ስድስት አንድ ዓይነት ፍላጻ ይበቃል። በፍላጻው ላይ የሚጻፈው ስፓይን የሚባል ቁጥር የዘንጉን ግትርነት ያሳያል፤ ዘንጉ በ28 ኢንች ርቀት ላይ በሁለት ድጋፍ ተይዞ መሃሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት በኢንች ሺኛ ስንት እንደሚጎብጥ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይጠነክራል። ለ70 ፓውንዱ ቀስት በኋላ የገዛኋቸው 340 ነበሩ፤ በአዲሱ ቀስት ስተኩሳቸው የልምምዱ ጫፍ መሃል ሲመታ፣ ባለ ምላጩ ግን በ20 ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ሄደ። በፋብሪካው ሠንጠረዥ መሠረት 400 ስገዛ ሁለቱ በአንድ ቦታ ማረፍ ጀመሩ። ባለ ምላጩን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተኩሱት እንስሳ ላይ እንዳይሆን የምለው ለዚህ ነው። ቀስት ስትቀይሩ ፍላጻም እንደምትቀይሩ አስባችሁ ግዙ።

በክብደት በኩል አብዛኞቹ አምራቾች ለእያንዳንዱ ፓውንድ ቢያንስ አምስት ግሬይን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በታች የሆነ ፍላጻ ቀስቱን ያለ ፍላጻ እንደመልቀቅ ያህል ይጎዳዋል። የእኔ ለ52 ፓውንድ 420 ግሬይን፣ ወደ 27 ግራም፣ ስለሚመዝን ለእያንዳንዱ ፓውንድ ስምንት ይደርሳል። በዝቅተኛ ክብደት ስለምስብ የሚከፈት ሳይሆን ቋሚ ምላጭ ያለውን ጫፍ መረጥኩ፤ የሚከፈተው ለመከፈት ከፍላጻው ጉልበት ላይ ይወስዳል። የካርቦን ፍላጻ ደግሞ ከመተኮሱ በፊት በሁለት እጅ ጎበጥ ተደርጎ ይሰማል፤ ከተሰነጠቀ ይንጫጫል፣ እንዲህ ያለው በእጅ ላይ ሊሰበር ስለሚችል ወዲያው ይጣላል።

አውታሩን በጣት ሳይሆን በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር መልቀቂያ ስለምንስብ፣ ርካሽ ቢሆንም በልክ የሚገጥም ይሁን። ማስፈንጠሪያው ላይ ጠቋሚ ጣት ሲታጠፍ መድረስ ያለበት በመጀመሪያው አንጓ ነው። እኔ ማሰሪያው ረዝሞብኝ ጣቴን ማስፈንጠሪያው ላይ አድርጌ ስስብ በግማሽ መንገድ አመለጠኝና የገዛ ጡጫዬ ከንፈሬን ሰነጠቀው፤ ፍላጻው የት እንደወደቀ እስካሁን አላገኘሁትም። ስትስቡ ጣታችሁ ከማስፈንጠሪያው ኋላ ይሁን።

የመጀመሪያውን ቀስት ለመሸጥ ሳስታውቅ የመጣው ወጣት ረጅም ነበር። ገንዘቡን ከኪሱ ሲያወጣ «ቆይ» ብዬ ግድግዳው ላይ አስደግፌ እጆቹን አስዘረጋሁት፤ 184 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ ለ2.5 ሲካፈል 73.6፣ ማለትም 29 ኢንች። ከዚያ ወንበር አቀረብኩለትና እግሩን አንሥቶ ፍላጻውን ወደ ኢላማው አነጣጥሮ እንዲስብ ነገርኩት። ከብዙ ዓመት ልምምድ በኋላ የመጣ ሰው ስለነበር ቀስቱን ዝቅም ከፍም ሳያደርግ ሳበው፤ አውታሩ የአፍንጫውን ጫፍ ነክቶ የአፉ ጥግ ላይ ቆመ፤ እኔ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እዚያ አላደረስኩትም።